ማሰሪያው ላይ ነው ነገሩ

በጀሶ ልኩ ተወስዶ፣ በምድጃ የለሰለሰ ፕላስቲክ ተጠምጥሞበት የወጣ የጀርባ ድጋፍ፣ ሐኪሞች ብሬስ የሚሉት፣ ጠረጴዛ ላይ ሲያዩት ያምራል። ለብሶ መዋል ግን ሌላ ነው፤ ያውም ባሕር ዳር፣ በሚያዝያ ቀትር፣ ጣና ዳር ጥላ ስር የተቀመጠው ሰው ሸሚዝ እንኳ ጀርባው ላይ በሚጣበቅበት ሰዓት።

ይህ ላብ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ብሬሱን የሚያስወልቀው እሱ ነው። በአሜሪካና በካናዳ 25 የሕክምና ተቋማት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነ ጥናት አለ። አከርካሪያቸው ከ20 እስከ 40 ዲግሪ የተጣመመ ታዳጊዎችን ነው የተከታተለው። ብሬስ ከታዘዘላቸው 72 በመቶው ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልግበት 50 ዲግሪ ሳይደርሱ ዕድገታቸውን ጨረሱ፤ ካልታዘዘላቸው 48 በመቶው። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ግን ሌላው ቁጥር ነው። ብሬሱ ውስጥ ሙቀት የሚመዘግብ መሣሪያ ተቀምጦ ስለነበር ማን ስንት ሰዓት እንደለበሰ ታውቋል። በቀን 13 ሰዓት ገደማና ከዚያ በላይ ከለበሱት 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ተሳካላቸው። ከ6 ሰዓት በታች የለበሱት ግን ጭራሽ ካልለበሱት አልተሻሉም።

እንግዲህ የብሬስ ልኩ ሰዓት ነው። ሰዓቱን ደግሞ ሐኪሙ ቢያዝም አይወስነውም። የሚወስኑት ብብት ስር የሚቆርጠው ጠርዝ፣ ከደብተር ቦርሳ ጋር የሚፋተገው ማሰሪያ፣ አቧራ ሲጠግብ መያዝ የሚተወው ቬልክሮና የክፍል ልጆች ሳቅ ናቸው።

ከጣናዋ ደቅ ደሴት የመጣች፣ ብሬስ የታዘዘላት የ12 ዓመት ልጅ እናስብ። የማደጊያ ዕድሜዋ ነው፤ ዛሬ ልኳ የሆነው ከወራት በኋላ ይጠባታል። ለማስተካከል አባት ሥራ ይፈታል፣ ጀልባ ይከፈላል፣ ባሕር ዳር ማደር አለ። አንዴ ይመጣሉ፣ ሁለቴ ይመጣሉ። ከዚያ ብሬሱ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ይንጠለጠላል። ካርዷ ላይ «የታዘዘችውን አልፈጸመችም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እኔ ግን የምወቅሰው ንድፉን ነው።

ከልጅ ጋር የሚያድግ ብሬስ መሥራት ይቻላል። ከአንድ ወጥ ቅርፊት ይልቅ ጠርዙ እርስ በርሱ የሚደራረብ ሁለት ሦስት ክፍል ይሁን፤ ልጁ ሲፋፋ እንደ ጫማ ክር የሚላላ፣ የውስጡ ስፖንጅ ተነቅሎ የሚተካ፣ ላብ በሚበዛበት በኩል የተበሳሳ። ማሰሪያው ደግሞ የሰፈር ልብስ ሰፊ ወይም ጫማ ሰፊ የሚጠግነው የጥጥ ጨርቅ ይሁን። አንድ ድንበር ግን አለ፦ አከርካሪውን የሚገፋው መደገፊያ የት እንደሚያርፍ ኤክስሬይ አይቶ የሚወስነው ባለሙያው ብቻ ነው። እሱን በግምት ያዘዋወረ ሰው ቆዳ ያቆስላል፣ መጣመሙንም ሊያባብሰው ይችላል።

ለዚህ ሥራ ከባሕር ዳር የተሻለ ከተማ አላውቅም። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እዚህ ነው። በሶቪየት ኅብረት እገዛ እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተው ፖሊቴክኒክ፣ ሰዉ «ፖሊ» የሚለው፣ እዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲው የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ፤ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲያግዘው የቆየ የአካል ተሃድሶ ማዕከልም አለ። የሚለያያቸው የባጃጅ መንገድ ነው። የፋሽን ተማሪዎቻችን ለትርኢት ከሚሰፏቸው ቀሚሶች አንዱን ትተው ላብ የሚመጥ የብሬስ ውስጥ ልብስ ለመመረቂያ ቢያቀርቡ፣ የፖሊ ልጆች ዘለበቱን ቢሠሩ፣ የተሃድሶ ማዕከሉ ባለሙያ ደግሞ ፈታኝ ሆኖ ቢቀመጥ ምን ይጎድላል?

የአንገት ድጋፉ፣ ኮላር የሚሉት፣ ነገሩ አጭር ነው። ኮላር ልክ ይፈልጋል፤ ያጠረው አንገት አይዝም፣ የረዘመው አገጭ ወደ ላይ ይገፋል። ከፍታው እየተስተካከለ አንዱ ለአራት ልክ የሚሆን ኮላር በዓለም ከተሠራ ቆይቷል። በመንገድ አደጋ ለተጎዳ ሰው ግን ከኮላሩ በፊት የሚያስፈልገው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሳያነቃንቅ የሚይዝለት ሰው ነው። ጎትቶ ባጃጅ ላይ መጫን አደጋው ያላሽመደመደውን ሰው ሊያሽመደምድ ይችላል።

ብሬስ ተአምር አይሠራም። ጀርባን የሚያጎብጠው የአከርካሪ ቲቢ መዳኛው ብሬስ ሳይሆን ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ ከአዲስ አበባ ወደ ጋና፣ ወደ አከርካሪ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ቦአቺ-አጄይ ሲልኳቸው ከኖሩት ልጆች መካከል የአከርካሪያቸው መጣመም ከ100 ዲግሪ ያለፈ አሉበት፤ እዚያ ከተደረሰ የብሬስ ጊዜ አልፏል።

ስለዚህ ወላጆች፣ ፋብሪካውንም ዩኒቨርሲቲውንም አትጠብቁ። ከ10 እስከ 15 ዓመት የሆናት ልጅ ካለቻችሁ፣ ወንድ ልጅም ቢሆን፣ ጀርባዋን ገልጣ፣ እግሯን ገጥማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ ወደ ፊት ታጎንብስ። ከኋላዋ ቆማችሁ እዩ። አንዱ የጎድን ወገን ከሌላው ከፍ ካለ በዚሁ ሳምንት ሆስፒታል ውሰዷት።