ለስፖርት አሠልጣኙ ብድር ዋሱ ማን ይሁን?

ስፖርት የጥቂቶች መዝናኛ ሳይሆን የሠፊው ሕዝብ የጤናና የአምራችነት ምንጭ መሆኑ በየመድረኩ ይነገራል። ይሁንና ስፖርትን የሚያስተምረው ባለሙያ በምን አቅም እንደሚያስተምር፣ ኑሮውንም በምን እንደሚደጉም የሚጠየቀው ከስንት አንዴ ነው። ዛሬ ልናነሣው የምንሻው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

በቆጂን እንመልከት። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው ደራርቱ ቱሉ፣ ከእርሷም በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በልጅነታቸው የሠለጠኑት በአንድ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር፣ በአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነበር። ይህ ሐቅ የአሠልጣኝ ዕውቀት ራሱን የቻለ ሀብት መሆኑን ያረጋግጣል። ነገር ግን ይኸው ሀብት በአበዳሪ ፊት ሲቀርብ ዋጋ ያጣል፤ አበዳሪው አጥብቆ የሚሻው ቤት ወይም ተሽከርካሪ ነውና።

መንግሥት በዚህ ረገድ የወሰዳቸው እርምጃዎች የሚናቁ አይደሉም። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 ለወጣቶች የ10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ተቋቁሟል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ሆኖም የጁዶ ወይም የእግር ኳስ አሠልጣኙ ያለው ተንቀሳቃሽ ንብረት ምንድን ነው? ጥቂት ምንጣፍ፣ ጥቂት ኳስ፣ በዓመቱ የሚያልቅ መሣሪያ ብቻ ነው። ገቢውም ከትምህርት ቤት መዘጋትና መከፈት፣ ከዝናብና ከፀሐይ ጋር ስለሚዋዥቅ በየወሩ እኩል ክፍያ የሚጠይቅ ብድር ያንገዳግደዋል።

ከዚህ አኳያ የሌሎችን ተሞክሮ መመርመር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1953 በተቋቋመው የአሜሪካ የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር ዋና የብድር መርሐ ግብር መንግሥት በአብዛኛው ራሱ አያበድርም፤ ለአበዳሪው ዋስ ይሆናል። እስከ 150 ሺህ ዶላር ለሆነ ብድር እስከ 85 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው እስከ 75 በመቶ ይዋሳል። የስፖርት ማሠልጠኛዎችም የዚሁ ተጠቃሚ ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ ዋስትናው የሚጠብቀው አበዳሪውን እንጂ ተበዳሪውን አይደለም። ከድርጅቱ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ሰው ሁሉ በግሉ ጭምር ይዋሳል። ስለሆነም የመንግሥት ዋስትና በሩን ይከፍታል እንጂ ዕዳውን አይፍቅም።

«የሕዝብ ገንዘብ ለግለሰብ ትርፍ ዋስ የሚሆነው ስለምንድን ነው?» የሚሉ ወገኖች ይኖራሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕዝብ ዋስ የሚሆንለት ሁሉ ለሕዝብ ግዴታ ሊኖርበት ይገባል። መክፈል የሚችል ቤተሰብ ልጅ ብቻ የሚሠለጥንበት ጂምናዚየም በሕዝብ ዋስትና ቢስፋፋ ፍትሕ ተጓደለ ማለት ነው። በመሆኑም የዋስትናው ተጠቃሚ የሆነ ማሠልጠኛ ከቦታዎቹ የተወሰነውን መክፈል ለማይችሉ ሕፃናት በነፃ እንዲይዝ በውል ሊገደድ ይገባል።

ከሁሉም በፊት ግን ሜዳ ይቅደም። ሜዳ የሌለው አሠልጣኝ የሚበደረው ገንዘብ በኪራይ ያልቅና ዕዳው ብቻ ይቀራል። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተዘግተው የሚውሉ የትምህርት ቤት ሜዳዎች በመጠነኛ ክፍያ ቢፈቀዱለት የሚያስፈልገው ብድር ራሱ ይቀንሳል። ክፍያው ገቢ በሚገኝባቸው ወራት እንዲከብድ፣ በሌሎቹ እንዲቀል ቢደረግም የመክፈል አቅሙ ይጎለብታል።

ስለዚህ የሚመለከታቸው የፋይናንስና የስፖርት አካላት በአንድነት ተቀምጠው የአሠልጣኙን ሙያና የሥራ ልምድ እንደ ዋስትና የሚቆጥር ሥርዓት እንዲቀይሱ እናሳስባለን። በአንዲት ትንሽ ከተማ አንድ መምህር ያለ ብድር ይህን ያህል ካፈራ፣ ሜዳና መነሻ ገንዘብ ያገኙ ብዙዎች ምን ሊያፈሩ እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም።