ከአሠሪው ትከሻ የማይወርድ ሥራ

በግንባታ አስተዳደር ውይይቶቻችን ለፕሮጀክት መዘግየት ተጠያቂ ሆኖ ደጋግሞ የሚቀርበው ሥራ ተቋራጩ ነው። አሠሪው ክፍያ ከመፈጸምና ሥራውን ከመረከብ ያለፈ ሚና እንደሌለው ተደርጎ ይታያል። ይህ አመለካከት ለአነስተኛ ሕንጻ ይበቃ ይሆናል፤ በርካታ ውሎች ለሚጣመሩበት ውስብስብ ፕሮጀክት ግን አይበቃም። በእኔ እምነት አሠሪው ለሌላ ሊያስተላልፈው የማይችል ሥራ አለ፤ እርሱም በውሎች መካከል ያለውን መጋጠሚያ መምራት ነው።

ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ለዚህ ቅርብ ምስክር ነው። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በተጣለው በዚህ ፕሮጀክት የሲቪል ሥራው ለሳሊኒ፣ የኤሌክትሮ መካኒካልና የብረታ ብረት ሥራው ደግሞ ለሜቴክ ተሰጠ። ሁለቱ ሥራዎች በወረቀት ቢለያዩም በግድቡ አካል ውስጥ አይለያዩም፤ ውኃውን ወደ ተርባይን የሚያደርሱት የብረት ቧንቧዎች ከኮንክሪቱ ጋር ተያይዘው ስለሚሠሩ የአንዱ መዘግየት ሌላውን ያስጠብቃል። ሁለቱንም ውሎች የፈረመው አሠሪው ብቻ ስለሆነ፣ መጋጠሚያውን የማስተካከል ሥልጣንም የእርሱ ብቻ ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሜቴክ ውል እንዲቋረጥ ተወስኖ ሥራው ለሌሎች ኩባንያዎች ሲሰጥ ይህ ሥልጣን በተግባር ታየ። ግድቡ በ13 ተርባይኖችና በ5,150 ሜጋ ዋት አቅም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሊጠና የሚገባው ጥያቄ ግን ያ ውሳኔ ስለ ምን ሰባት ዓመት ገደማ ጠበቀ የሚለው ነው።

መፍትሔው ስጋቱን ሁሉ ለአንድ ተቋራጭ በጥቅል ውል ማሸከም ነው የሚሉ አሉ። የለንደኑ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አምስተኛ ተርሚናል ተቃራኒውን ያሳያል። በዚያ አሠሪው ቢኤኤ ስጋቱን ራሱ ወስዶ ተቋራጮቹን በአንድ ስምምነት ሥር አሠራ፤ ግንባታውም በጊዜውና በበጀቱ ተጠናቀቀ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2008 አገልግሎት በጀመረበት ዕለት የሻንጣ አያያዙ ተመሰቃቀለ። ግንባታን ከአገልግሎት የሚያገናኘው መጋጠሚያም የአሠሪው ኃላፊነት ነውና።

ስለዚህ የመንግሥት አሠሪዎች ውል ከመፈራረማቸው በፊት የመወሰን ሥልጣን ያለው የራሳቸው የቴክኒክ ቡድን ሊያደራጁ ይገባል። አማካሪ መሐንዲስ ይመክራል፣ ይቆጣጠራል፤ በአሠሪው ፈንታ ግን አይወስንም። የድኅረ ምረቃ ጥናቶቻችንም የተቋራጩን አቅም በመዘኑበት ሚዛን የአሠሪውን አቅም ሊመዝኑ ይገባል።