ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ማን ይመጣል?

ኢትዮጵያዊ ለቅሶ በመድረስ አይታማም። ሰው አረፈ ሲባል የእድሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ ዛሬ ዛሬ ደግሞ መልእክቱ በቴሌግራም ይላካል። ወዲያው ድንኳን ይተከላል፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ከእድሩ ቤት ይወጣል። አንዱ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሌላው እንጀራና ወጥ ይዞ ይመጣል። ቅርብ ዘመድ ፍራሽ አንጥፎ አብሮ ያድራል። በሙስሊሙም ቤት ተዕዚያ ሲቀመጡ ምግቡ ከጎረቤት ነው የሚመጣው። ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ችግሩ ያለው አራተኛው ቀን ላይ ነው።

ሰልስቱ ሲወጣ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ወንበሩ ተቆጥሮ ይመለሳል፣ ሰውም ወደየሥራው ይሄዳል። ሐዘኑ ግን ገና መጀመሩ ነው። በሦስቱ ቀናት ሐዘንተኛዋ እንግዳ ስትቀበልና ስትሸኝ ደንዝዛ ነው የምትውለው። ባዶው አልጋ የሚታያት ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው።

ባሏ ድንገት የሞተባትን፣ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ የምትኖር የሦስት ልጆች እናት እንውሰድ። ወሩ ሳይሞላ የቤት ኪራይ ይደርሳል። የባንክ ሒሳቡ በሟች ስም ነው። ገንዘቡን ለማንቀሳቀስ የሞት ምዝገባ የምስክር ወረቀት፣ ከፍርድ ቤት ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋታል። ጡረታ ካለው የዚያም ጉዳይ አለ። እያንዳንዱ ምስክር፣ ፎቶ ኮፒ፣ የወረፋ ቀን ይጠይቃል። ድንኳኑን ሞልቶት የነበረው ሰው በዚህ ወረፋ ላይ የለም።

ከዚያ አርባው ይመጣል። ተዝካር በመሠረቱ ለሟች ነፍስ መጸለይና ነዳያንን ማብላት ነው። በብዙ ቤት ግን «ሰው ምን ይላል» ተብሎ በብድር የሚደገስ ድግስ ሆኗል። ሊያጽናና የመጣው ሰው በልቶ ይሄዳል፣ ዕዳው ከልጆቹ ጋር ይቀራል። እዚህ ላይ ደፍሮ «አትደግሺ፣ ለልጆቹ ይቅር» የሚል ዘመድ ከመቶ አጽናኝ ይበልጣል።

አንደበትም መታረም አለበት። «አታልቅሺ፣ ፈጣሪን ታማርሪያለሽ» የሚባለው ለቅሶውን አያቆመውም፤ መደበቂያ ፍለጋ ይሰደዋል እንጂ። ፅንስ ለጨነገፈባት ሴት ደግሞ ጥሩምባም አይነፋም፣ ድንኳንም አይተከልም፤ የሚደርሳት «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ» የሚል ቃል ብቻ ነው። መርዶም ወጉን አጥቷል። ድሮ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ማለዳ ነበር የሚረዳው። አሁን «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ ከነፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጥቶ፣ በአረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የእናቷን ሞት ዕቃ እያጠበች ከስልኳ ታነበዋለች። ዘመድ ሁሉ መስማቱ ሳይረጋገጥ አለመለጠፍ ምንም ወጪ የለውም።

መፍትሔው አዲስ ድርጅት ማቋቋም አይደለም፤ እድሩ አለ። ስም ጠርቶ ለቅሶ ያልደረሰን የሚቀጣ እድር፣ ከሰልስት በኋላ ሐዘንተኛን በየሳምንቱ የሚጠይቅ ተረኛ መመደብ አያቅተውም። ከአባላቱ መካከል የቢሮ ጉዳይ የሚያውቅ አንድ ሰው ወረቀቱን አብሯት ቢያስጨርስ ከማንኛውም መዋጮ የበለጠ ነው።

ጓደኛም ቢሆን «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» ማለቱን ይተወው። ሐዘንተኛ አትጠይቅም። «ቅዳሜ ልጆቹን እኔ እወስዳቸዋለሁ» የሚለው ይሻላል። የሟችን ስም መጥራትም አያስፈራ፤ እሷ ሲረሳ እንጂ ሲነሳ አይከፋትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዘርዝር፣ ከ6 ወር በላይ ጸንቶ ኑሮን የሚያውክ ሐዘንን ራሱን የቻለ የጤና ችግር አድርጎ አስፍሯል። እንዲህ ያለው ሐዘንተኛ ሐኪም ያስፈልገዋል። ነገር ግን በስድስተኛው ወር መብላትና መተኛት ማቆሙን የሚያየው ማን ነው? በሩን የሚያንኳኳ ሰው ካለ ብቻ ይታያል።

ሦስቱን ቀን ሁሉም ያውቅበታል። ሐዘንተኛ የሚቆጥረው ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው።