ጋኑ የሚመረገው መቼ ነው? ኦክስጅን፣ እርሾና የቤት ጠላ በልደታ

ግንቦት 1 ቀን የልደታ ለማርያም በዓል ሲከበር፣ በልደታ ክፍለ ከተማም እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ ጎረቤት ከደጅ ተሰብስቦ ንፍሮ ይበላል፣ ቡና ያፈላል፣ ጠላ ይጠጣል። ዕለቱ ሲደርስ አንዱ ቤት ጠላው ጠርቶ ይቀዳል፤ በሌላው ጣፋጭነቱ ሳይለቀው፣ በወጉ ሳይፈላ ይቀራል፤ በሦስተኛው ኮምጥጦ ይደፋል። ጠላ ሸጠው ለሚተዳደሩ እናቶች አንድ ጋን ሲበላሽ ብቅሉ፣ ጌሾው፣ ማገዶውና የሳምንቱ ድካም አብሮ ይደፋል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በዕቃው አለመታጠን፣ በውሃው፣ አንዳንዴም በሰው ዓይን ይሳበባል። የማይክሮባዮሎጂ ተማሪ በበኩሉ በባክቴሪያ ያሳብባል። የአየር ነገር ሲነሳ ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ቃል ይናገራሉ፦ አየር እንዳይገባው። ይህ ምክር ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሹ እርሾን ያስርባል።

እርሾ ስኳርን ወደ አልኮል ለመለወጥ ኦክስጅን እንደማያሻው ፓስተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አስረድቷል። ይሁን እንጂ አልኮል ለመሥራት የማያስፈልገው አየር እርሾው ራሱን ለመሥራት ያስፈልገዋል። አንድሪያሰንና ስቲየር እ.ኤ.አ. በ1953 ኤርጎስቴሮል ያልተጨመረለት ሳክሮማይሲስ ሰርቪሲዬ አየር በሌለበት ማደግ እንደማይችል አሳዩ፤ በዓመቱ ደግሞ ያልጠገቡ የስብ አሲዶችም እንደዚሁ የግድ መሆናቸውን ጨመሩ። ሁለቱም የሕዋስ ሽፋን ማገሮች ናቸው፤ ሁለቱንም እርሾው ራሱ የሚሠራቸው ኦክስጅን ሲያገኝ ብቻ ነው። አንድ ሞለኪውል ኤርጎስቴሮል ለመገንባት 12 ሞለኪውል ኦክስጅን ይጠይቃል። ኦክስጅን ካለቀ በኋላ የምትከፋፈል እናት ሕዋስ ያላትን ስቴሮል ከልጇ ጋር ትካፈላለች፤ ልጅም ከልጇ ጋር። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ሽፋኑ ይሳሳል፤ አልኮሉ ሲበረታ ሕዋሱ መቋቋም ያቅተዋል፤ መፍላቱም ስኳሩ ሳያልቅ ከመንገድ ይቀራል። «አልፈላ አለ» የሚባለው ጠላ ሁሉ በዚህ ምክንያት ተሰናከለ ማለት አይቻልም፤ ከተጠርጣሪዎቹ ዝርዝር ግን ሊጎድል አይገባም።

የቢራ ፋብሪካ ለዚህ መላ አለው። ከሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ለአሥርት ዓመታት ሲጠመቅ የኖረውን፣ እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ የሚያውቅ የሰፈሩ ሰው፣ በፋብሪካና በጓዳ መካከል ያለው ልዩነት የማሽን ብዛት ብቻ ሊመስለው ይችላል። ዘመናዊ ጠመቃ እርሾ ከመጨመሩ በፊት ወይም በሚጨመርበት ጊዜ የቀዘቀዘውን የብቅል ጭማቂ ንጹሕ አየር ወይም ኦክስጅን እየነፋ ያጠግበዋል፤ የተለመደው ግብ በሊትር ከ8 እስከ 10 ሚሊ ግራም ነው። በጓዳ ያለው መሣሪያ ማማሰያና እጅ ነው።

እዚህ ላይ ከፍታው ይገባል። በባሕር ወለል፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከአየር ጋር የተመጣጠነ ንጹሕ ውሃ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ፣ ያው ውሃ የሚይዘው 6.9 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። ስኳር ሲሟሟበት ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። በቆላማና በባሕር ዳርቻ አገሮች የተጻፈ የጠመቃ መመሪያ «በደንብ ማናወጥ ይበቃል» ሲል ልደታ ላይ የተናወጠው ውሃ የሚያገኘው የዚያን ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ምክሩን ቀድቶ ማስተማር ቀላል ነው፤ ከፍታውን ቀድቶ ማምጣት ግን አይቻልም።

ጥንቃቄም የራሱ ዋጋ አለው። በከተማ የሚጠምቁ ብዙዎች ለንጽሕና ሲሉ ውሃ አፍልተው ያቀዘቅዛሉ፤ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ውሃ ሲፈላ የሟሟውን አየር አራግፎ ይጨርሳል። ክዳኑ ሳይነሳ የቀዘቀዘ ውሃ ቀስ ብሎ በርሜል ውስጥ ተንቆርቁሮ ወዲያው ቢዘጋበት፣ እርሾው ሥራውን የሚጀምረው ከሞላ ጎደል አየር በሌለበት ቤት ነው። መፍትሔው አንድ ሳንቲም አያስወጣም፦ የቀዘቀዘውን ውሃ ከንጹሕ ዕቃ ወደ ንጹሕ ዕቃ፣ ከፍ አድርጎ፣ ደጋግሞ መገልበጥ።

የቆየው አሠራር ኦክስጅንን በስሙ ባይጠራውም ቅደም ተከተሉን ይዞታል። የጌሾው ጥንስስ ሲጠነሰስ፣ ብቅልና ቂጣ ሲጨመር፣ ድፍድፉ በአሻሮ ሲደፈደፍ ዕቃው በተደጋጋሚ ይከፈታል፤ እጅ ይገባበታል፣ ይታሻል፣ ይማሰላል። ጋኑ የሚመረገው ድፍድፉ በውሃ ከቀጠነ በኋላ ነው። የግቢ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም በተተካባቸው የልደታ ብሎኮች ግን ጋን ወደ አራተኛ ፎቅ አይወጣም፣ በወይራ ማጠንም ጎረቤት ያስቆጣል። ቦታውን የያዘው ክዳኑ የሚጠበቅ ፕላስቲክ በርሜል ነው። በርሜሉ በራሱ ክፉ አይደለም፤ አደጋው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥርቅም አድርጎ መዝጋትን ቀላል ማድረጉ ነው።

ብርቱ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ጠላ እንደ ፋብሪካ ቢራ ከተጣራ ጭማቂ አይፈላም፤ ከእህሉ ዱቄትና ገለባ ጋር ነው የሚፈላው። እህል ደግሞ ሊኖሌይክ አሲድን የመሰሉ ያልጠገቡ ስቦች አሉት፤ እርሾው እነዚህን በቀጥታ ወስዶ ሽፋኑን ሊጠግን ይችላል። ስለዚህ የጠላ እርሾ የኦክስጅን ፍላጎት ከቢራው እርሾ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ከ8 እስከ 10 የሚለውን ቁጥር እንዳለ ወደ ጋን መገልበጥም ትክክል አይደለም። ተቃውሞው ግን «አየር አያስፈልግም» ወደሚለው መደምደሚያ አያደርስም፤ «ስንት?» ወደሚለው ጥያቄ ያደርሳል እንጂ።

ለአየር የሚከራከር ሰው ስለ ሆምጣጤም መናገር አለበት። አሴቶባክተር አልኮልን ወደ አሴቲክ አሲድ የሚለውጠው በኦክስጅን ነው። ጠላው ከፈላ በኋላ በየሰዓቱ ክዳኑ እየተነሳ በጣሳ የሚጨለፍበት ቤት፣ ለእርሾው ሳይሆን ለዚህ ባክቴሪያ ያበላል። ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በአንጻሩ ያለ አየርም ያኮመጥጣሉና በርሜል መዝጋት ከእነሱ አያድንም፤ እነሱን የሚገታው ጌሾውና ቶሎ የሚጠነክር እርሾ ነው። ያው አየር በመጀመሪያው ቀን ምግብ፣ በአምስተኛው ቀን ጥፋት ይሆናል። ለዚህ ነው «አየር እንዳይገባው» የሚለው አጭር ምክር ከነቀኑ ካልተነገረ የሚያሳስተው።

የጠላ ጥናት ሲታቀድ መጀመሪያ የሚታሰበው የተህዋስያኑ ስም፣ ፒኤችና የአልኮል መጠን ነው። በዚህ ላይ የሟሟ ኦክስጅንን መጨመር ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የውሃ ጥራት የሚለካበት ተንቀሳቃሽ መለኪያ በየአካባቢ ሳይንስ ቤተ ሙከራው የተለመደ ዕቃ ነው። ያንኑ ብቅልና ጌሾ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን በጋን አንዱን በርሜል፣ ውሃ ሲጨመር፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ በማግስቱና ሲመረግ መለካት ይቻላል፤ ከዚያው ናሙና ሕያው የሆኑትን የእርሾ ሕዋሳት በሜቲሊን ብሉ ቀለም መቁጠርም እንዲሁ። ሥራው ከአራት ኪሎ ቤተ ሙከራ ይልቅ በጠማቂዎቹ ጓዳ ቢከናወን ይመረጣል፤ የእነሱ እጅ የሚያማስልበት ፍጥነትና ክዳኑን የሚያነሱበት ሰዓት ከልኬቱ ተነጥሎ ትርጉም የለውምና። ጊዜው ደግሞ ፍለጋ አያሻውም፤ በሚያዝያ መጨረሻ በልደታ ጥንስሱ ይጠነሰሳል።