ፕሪንተሩን ተዉት፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም

ዛሬ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ደግሞ መጨረሻ አካባቢ አንድ ኑዛዜ አለኝና እንዳትዘሉት።

ባለፈው ሳምንት ሲቀላ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቼ ተራ እጠብቃለሁ። ከፊቴ አንድ አባት ፍላሽ በመሐረብ ጠቅልለው ይዘው ቆመዋል። ከደጋው እንደመጡ ጋቢያቸው ይናገራል። ፍላሹ ላይ ያለው የልጅ ልጃቸው ሌላ ቦታ የተየበላቸው ደብዳቤ ነው፣ ስለ መሬት የሚያቀርቡት አቤቱታ። ኦፕሬተሩ ልጅ ሲከፍተው ሁለት ገጽ ሙሉ የፈረንጅ ፊደል፣ ክፍልፋይ ቁጥር፣ የገንዘብ ምልክትና ጥቅስ ተደባልቆ ወጣ። ልጁ ምንም አልደነገጠም። «አባባ፣ ይሄን ቫይረስ በልቶታል፤ እንደ አዲስ መተየብ አለበት» አላቸው። እሳቸውም «ቫይረስ ከበላው ምን ይደረጋል» ብለው ገንዘብ ሊያወጡ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ።

አላስቻለኝም። «ወንድሜ፣ ቆይ እስቲ» ብዬ ሁሌ የምይዛትን ፍላሽ አወጣሁ። የድሮ የአማርኛ ፎንቶች አሉባት። ሁለቱን ጭነን ሞከርን፣ እምቢ አለ። በሦስተኛው ደብዳቤው ጥርት ብሎ ወጣ፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» ሳይቀር። አባት ስክሪኑን አይተው «የኔ ነው፣ የኔ ነው» አሉ። ታትሞላቸው ሄዱ።

ልጁን አልወቅሰውም። ማንም አላስተማረውም። የሚያናድደኝ ይህ ነገር ከሃያ ዓመት በፊትም እንዲሁ ነበር፣ ዛሬም እንዲሁ ነው። በየቢሮው «ፕሪንተሩ አማርኛ አያትምም» ይባላል። አዲስ ፕሪንተር ይገዛል። አዲሱም አያትምም። ፕሪንተሩ ምስኪን የተሰጠውን ነው የሚያትመው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው፤ ፎንት ማለት ለዚያ ቁጥር የሚሳለው ሥዕል ነው። ድሮ ለአንድ ፎንት የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነበር። የኛ ፊደል ደግሞ ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እነ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝን የሠሩ ባለሙያዎች ብልሃት ፈጠሩ። በእንግሊዝኛው ቦታ የአማርኛ ሥዕል አስቀመጡ፣ አልበቃ ሲል በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈሉት፣ ወይም የፊደሉን እግርና ቀለበት ለየብቻ እየቀጠሉ ጻፉ። (የጽሕፈት መኪናውም ያደርግ የነበረው ይህንኑ ቅጥያ ነው።) እነዚህን ሰዎች አመሰግናለሁ። የሀገሪቱ ጋዜጣ፣ መጽሐፍ፣ የሠርግ ጥሪ ሳይቀር በነሱ ላብ ነው የታተመው።

ችግሩ ምንድን ነው፤ በዚህ መንገድ የተጻፈ አማርኛ ለኮምፒውተሩ አማርኛ አይደለም። የእንግሊዝኛ ፊደል ጭምብል አድርጎ ነው የሚታየው። ፎንቱ ሲጠፋ ጭምብሉ ይወልቃል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱ የቁጥር ድልድል ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም። የአባታችን ደብዳቤ በሦስተኛው ሙከራ የወጣው ለዚህ ነው።

መፍትሔው እኮ ከመጣ ቆየ! ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ ‹ሀ› በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ አንድና ያው ቁጥር አላት። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲመጣ ኒያላ የሚባል የአማርኛ ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ይዞ መጣ። ይኸው ስንት ዓመት። እኛ ግን ከሰው ፍላሽ የተገለበጠ፣ ስሙ የማይታወቅ የድሮ ፎንት ላይ የመንግሥት ሰነድ እንጽፋለን። ለምን ሲባል «ለምደነዋል»። ለምደነዋል ማለት እኮ መልስ አይደለም ወገን። በዚያ ፎንት የተጻፈ የስም ዝርዝር ኤክሴል ላይ በ‹ሀ ሁ› ቅደም ተከተል ሊደረደር አይችልም፤ ቢደረደርም በድብቁ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። በፍለጋ አይገኝም። ቴሌግራም ላይ ቢለጠፍ ቆሻሻ ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራው። አማርኛ አልታተምም ሲላችሁ መጀመሪያ የወጣውን ነገር ተመልከቱት። ሐኪም ምላስ እንደሚያይ ማለቴ ነው። የሚወጣው ቆሻሻ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በሽታውን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ባዶ ሳጥን ከወጣ ደስ ይበላችሁ። ጽሑፉ ጤነኛ ነው፣ የሌለው ፎንቱ ነው። ኖቶ ወይም አቢሲኒካ የሚባሉትን ነፃ ፎንቶች ጫኑ፣ አለቀ። (በነገራችን ላይ ‹ኖቶ› የሚለው ስም ራሱ ሳጥኑን የሚመለከት ነው፤ ፈረንጆቹ ሳጥኑን «ቶፉ» ይሉታል፣ «ቶፉ ይብቃ» እንደ ማለት ነው።) ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ ብቻዋን አትመጣም፣ ተጨማሪ ተብላ ነው የምትጫነው፤ በቦታዋ ያለው ኤብሪማ ነው። በኒያላ ያሳመራችሁት ሰንጠረዥ ሌላ ቢሮ ሲከፈት መስመሩ የሚዛነፈው በዚህ ነው። ወርድ ላይ ሴቭ ማድረጊያው አማራጭ ውስጥ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ ማሸግ ይቻላል፤ ወይም ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ላኩ።

በያንዳንዱ ፊደል ፋንታ ሦስት ሦስት የላቲን ምልክት ከወጣ፣ በተለይ ጭረት ያለባት ‹ኤ› በየሦስቱ እየተመላለሰች ከመጣች፣ ጽሑፉ አሁንም ጤነኛ ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የከፈተው ፕሮግራም ግን እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የፈረንጅ ፊደል እያነበበው ነው። ከሲስተም የወረደ ሲኤስቪ ፋይል በኤክሴል በቀጥታ ስትከፍቱ የሚገጥማችሁ ይሄ ነው። ሁለቴ ክሊክ አድርጋችሁ አትክፈቱት። ከዳታ ገጹ አስገቡትና ቋንቋውን ሲጠይቅ 65001 የሚለውን ዩቲኤፍ-8 ምረጡ።

ባዶ ወረቀት ወይም ስሙ ብቻ የጎደለ ሰርተፍኬት ከወጣ ደግሞ ሪፖርት የሚያዘጋጀው ክፍል ነው በሽተኛው። ብዙ ፒዲኤፍ ማምረቻ ፕሮግራሞች ካልተነገራቸው በቀር የሚጠቀሙት ሄልቬቲካን ነው፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ግዕዝ የለም። ፕሮግራመሩ የግዕዝ ፎንት ማስገባት ነበረበት፤ አላስገባም። ስክሪን ላይ ጥሩ ሆኖ ወረቀት ላይ ብቻ የሚበላሽ ከሆነ ግን ለጊዜው ከፒዲኤፉ ማተሚያ ገጽ ላይ «እንደ ሥዕል አትም» የሚለውን ሞክሩ። የደረሰኝ ማተሚያዎቹም አብዛኞቹ በውስጣቸው የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ አማርኛ ከተፈለገ ጽሑፉን ወደ ሥዕል ቀይሮ መላክ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው የጥያቄ ምልክት ነው። «???? ????»። ይሄን ስታዩ ቁጭ በሉ። ፎንት አይጠቅማችሁም፣ ፕሪንተር አይጠቅማችሁም። ጽሑፉ ጠፍቷል። ዳታቤዙ ግዕዝ በማይችል ማስቀመጫ ውስጥ ሊከተው ሲሞክር የማያውቀውን ፊደል ሁሉ እየጣለ በቦታው የጥያቄ ምልክት ጽፏል። ተመልሶ አይመጣም፣ ከወረቀት እንደገና ካልተመዘገበ በቀር።

ኑዛዜዬ እዚህ ጋ ነው። ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት፣ በገዛ እጄ ነው ያደረግሁት። ከዓመታት በፊት ሳስተምርበት ለነበረ ተቋም የተማሪ ውጤት መመዝገቢያ ሠርቼ ነበር። ጎበዝ ነኝ ብዬ፣ ያለ ክፍያ፣ ሌሊት ሌሊት። የስም ማስቀመጫውን ‹ኤንቫርቻር› ማድረግ ሲገባኝ ‹ቫርቻር› አደረግሁት። አንዲት ‹ኤን› ናት ልዩነቷ። የመጀመሪያውን ትራንስክሪፕት ስናትም ስሙ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ። በዚያ ላይ ምረቃ ደርሷል። እና ምን አደረግሁ? ስህተቱን አምኜ ማስተካከል አፈርኩ መሰለኝ፣ «ሲስተሙ አማርኛ አይቀበልም፣ ስሞች በእንግሊዝኛ ይመዝገቡ» ብዬ አወጅኩ። ሁሉም እሺ አለ። ኮምፒውተር ካለ ማን ይከራከራል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዲት ተማሪዬ ደወለችልኝ። «መምህር፣ ስሜ አንድ አልሆነ አለኝ» አለች። ስሟ በ‹ፀ› ይጀምራል። እኛ ጋ መዝጋቢው በ‹ቲ ኤስ› ጽፎታል፣ የስምንተኛ ክፍል ካርዷ ላይ በ‹ቲ› ብቻ ነው፣ መታወቂያዋ ላይ በ‹ኤስ›። የአባቷ ስም ላይ ያለው ‹ጨ›ም እንደዚያው ሦስት ዓይነት ሆኗል። በአማርኛ ሁሉም ጋ አንድ ስም ነው፣ አንዲት ነጥብ አይለያይም። ሥራ ያገኘችበት ቦታ ግን «የአንድ ሰው ማስረጃ መሆኑ ይረጋገጥ» አላት። ከካምባ አርባ ምንጭ፣ ከአርባ ምንጭ ካምባ እየተመላለሰች፣ ምስክር እየቆጠረች ስታጣራ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። «ግድ የለም መምህር፣ የእግዜር ፈቃድ ነው» አለችኝ። የእግዜር አልነበረም። የኔ ነበር። ያን ዕለት አልነገርኳትም። በኋላ ደውዬ ነገርኳት፤ ረጅም ዝም ካለች በኋላ «እንዴ፣ በአንድ ፊደል?» ነው ያለችው።

ለዚህ ነው «በእንግሊዝኛ ጻፉት በቃ» የሚል መፍትሔ ስሰማ የሚያመኝ። በእንግሊዝኛ መጻፉ በራሱ ጥፋት የለውም፣ ፋይዳ ላይ ስማችን በሁለቱም ነው ያለው። ዋናው ተጥሎ ትርጓሜው ብቻ ሲቀር ነው ሰው የሚጠፋው።

«ለቴክኒክ ሰው ተወው፣ ተራው ሠራተኛ ምን ያድርግ» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አልስማማም። ሶፍትዌር ስትረከቡ ዶክመንቱ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ውሰዱ። ‹ፀ› ያለበት፣ ‹ጨ› ያለበት፣ ‹ኳ› ያለበት ስም አስገቡ። ሴቭ አድርጉ፣ ዝጉ፣ መልሳችሁ ክፈቱ፣ ፈልጉት፣ ከዚያ ወረቀት ላይ አትሙት። ስክሪን ላይ ማየት አይበቃም። አንዱ ከወደቀ ክፍያው ይቁም። ይሄን ለማድረግ ዲግሪ አይጠይቅም። ክልላችን አዲስ ነው፣ ዞናችንም ከጎፋ ከተለየ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ ቢሮዎቹ አዳዲስ ሲስተም እያስገቡ ያሉት አሁን ነው። አሁን ያልተጠየቀ በኋላ ሃምሳ ሺህ ስም ሲገባ አይጠየቅም።

የድሮ ፋይል ያላችሁ ደግሞ አትጣሉት። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ብቻ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ማወቅ ግድ ነው። ስለዚህ ፋይሉን ወደ ኖትፓድ ገልብጣችሁ እንዳታስቀምጡ፣ የፎንቱ ስም ያኔ ይጠፋል። ዩኒኮድም ቢሆን ሁሉን አይፈታም፤ አንዱ ‹ኃይሌ› ሌላው ‹ሀይሌ› ብሎ ከጻፈ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው የሚያየው። እሱ የኛ የፊደላችን ጣጣ ነው፣ ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበታለን።

አንድ ነገር ልጨምር፣ እኛን ስለሚመለከት። ብዙ ሰው አያውቀውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኒኮድ 32 ተጨማሪ የግዕዝ ፊደሎች መዝግቧል፤ የተመዘገቡት ለጋሞ-ጎፋ-ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ቋንቋዎች ነው። አዎ፣ የኛ ድምፆች በዓለም መዝገብ ላይ ቁጥር አላቸው። ዛሬ ልጆቻችን ጋሞኛን በትምህርት ቤት የሚማሩት በላቲን ፊደል ስለሆነ ማንም አይጠቀምባቸው ይሆናል፤ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። ግን በግዕዝ የተጻፉ የቆዩ ጽሑፎችን አንድ ቀን የሚተይብ ልጅ ሲመጣ ፊደሎቹ ይጠብቁታል። ኒያላ እነሱ ከመመዝገባቸው በፊት የተሠራች ስለሆነች አታውቃቸውም። አቢሲኒካ ያውቃቸዋል።

እስቲ ስልካችሁን እንፈትነው። እነዚህ ሁለቱ ናቸው፦ ꬁ እና ꬉ። ፊደል ሆነው የታዩአችሁም፣ ሳጥን የሆኑባችሁም የስልካችሁን ዓይነት ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ሴቻ ቤቴ ነኝ፤ የማይከፈት የድሮ ደብዳቤ ያለው ፍላሹን ይዞ ይምጣ።