የፍሮዶ ሳጥንና የእኛ ፌስታል

እስቲ ጎበዝ፣ ወደ ቁም ነገሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ሥራ ላዛችሁ። ቤታችሁ ቴሌቪዥኑ ሥር ያለችውን መሳቢያ ክፈቱ። ከተሰበረ ሪሞትና ከድሮ ቻርጀር መሀል ሁለት ሦስት ቪሲዲ አታጡም። ከነዚያ አንዱ የአማርኛ ፊልም ነው። ሽፋኑ የለም፤ ጀርባው ድመት የቧጨረው ይመስላል፤ ክፍል አንድ አለ፣ ክፍል ሁለትን ጎረቤት ወስዶ አልመለሰም። ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል። አዲሱ ላፕቶፕም የሲዲ መክተቻ የለውም። እንግዲህ ያ ፊልም «አለኝ» ይባላል ወይስ «የለኝም»?

የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚሁ ነው። የምጀምረው ግን ከራሳችን ፊልም ሳይሆን ከነፍሮዶ ነው፤ አንድ ፊልም ተሠርቶ፣ ታይቶ፣ ተሸጦ ካለቀ በኋላ እንዴት ተደርጎ እንደሚቀመጥ ከነሱ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስን የማያውቅ የኛ ዘመን ሰው ያለ አይመስለኝም። ፒተር ጃክሰን ኒውዚላንድ ውስጥ የቀረጻቸው ሦስቱ ፊልሞች እ.ኤ.አ. በ2001፣ በ2002 እና በ2003 ወጡ። ሦስተኛው በ2004ቱ ኦስካር የታጨባቸውን 11 ዘርፎች በሙሉ ጠራርጎ ወሰደ። አንዲት ቀለበት እሳት ውስጥ ለመጣል ሁለት አጫጭር ጓደኛሞች በባዶ እግራቸው አገር ሲያቋርጡ የሚያሳይ ታሪክ ከሆሊውድ አልፎ እኛ ከተማ ድረስ መጣ።

የመጣው ግን በፌስታል ነው። አንድ ቪሲዲ የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ቢሆን ነው። የመጀመሪያው ፊልም ደግሞ 178 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ሦስት ዲስክ፣ በሦስት ላስቲክ፣ በአንድ ፌስታል። ከሚሴ ውስጥ ቪዲዮ ቤት የወንዶች ሠፈር ነበር፤ መጋረጃው ተጋርዶ፣ አግዳሚው ላይ ተጣብቀው፣ በዚያ በሚታወቀው የከሚሴ ሙቀት ይጋገራሉ። እኛ ሴቶቹ የምናየው ተከራይተን ቤት ነው። እንግሊዝኛው ገባኝ የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ለትልልቆቹ በኦሮምኛ፣ ለእኛ ባማርኛ እየተረጎመ፣ ያልገባው ቦታ ላይ ከራሱ እየጨመረ ያስኬደዋል። ዲስክ ሦስት አንዳንዴ «አላነብም» ይላል። በሸሚዝ ጫፍ ይወለወላል፣ ትንፋሽ ይጨመርበታል፣ እንደገና ይገባል። እምቢ ካለ ፍሮዶ ተራራው ላይ ሳይደርስ እዚያው ይቀራል፤ መጨረሻውን ያየ ልጅ በማግስቱ ይተርክልናል።

እኛ በዚህ ስንታገል ሌላው ዓለም ምን እየተሸጠለት ነበር? ሳጥን። ኩባንያው ሲኒማ ቤት ከታየው ቅጂ ሌላ «የተራዘመ» የሚባል ቅጂ እያዘጋጀ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2002፣ በኅዳር 2003 እና በታኅሣሥ 2004 በዲቪዲ አወጣ። እያንዳንዱ ሳጥን አራት ዲስክ አለው። ሁለቱ ፊልሙን ይይዛሉ፤ ሁለቱ ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ለሰዓታት የሚዘልቅ ዘጋቢ ነው። የመጀመሪያው ፊልም ከ178 ወደ 208 ደቂቃ አደገ። ሦስተኛው 50 ደቂቃ ገደማ ተጨመረበት። በዚያ ላይ ፊልሙን እያያችሁ የምትሰሟቸው አራት የተለያዩ የድምፅ ማብራሪያዎች አሉ፤ አንዱ የዳይሬክተሩና የጸሐፊዎቹ፣ አንዱ የዲዛይን ሰዎች፣ አንዱ የፕሮዳክሽን ባለሙያዎች፣ አንዱ የተዋናዮቹ። ከፍ ያለ ገንዘብ ለሚከፍል ሰብሳቢ ደግሞ ከሳጥኑ ጋር ሐውልት ይሰጠዋል፤ ለሁለተኛው ፊልም ጎለም፣ ለሦስተኛው ሚናስ ቲሪት የምትባለዋ ነጭ ከተማ።

«ሀብታም በምን ይጫወት!» ትሉኝ ይሆናል። የሐውልቱን ነገር ተዉት። የተጨመሩትን ደቂቃዎች ግን ቆጥራችሁ ዝም አትበሉ፤ ምን እንደሚሠሩ እዩ። ሲኒማ ቤት በታየው ሦስተኛ ፊልም ላይ ሳሩማን የለም። ሁለት ፊልም ሙሉ ያስፈራን ሽማግሌ ምን እንደደረሰበት ሳናይ በወሬ ታልፏል። ተዋናዩ ክሪስቶፈር ሊም በዚህ ማዘኑን አልደበቀም። የሳሩማን አሟሟት ያለው በተራዘመው ቅጂ ነው። ፋራሚርን ደግሞ አስታውሱት። ፍሮዶን ይዞ የሚያንገላታው ያ ወታደር በአጭሩ ቅጂ ክፉ ይመስላል። በተራዘመው ላይ አባቱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሲያበላልጠው ታዩና ሰውየው ሌላ ሰው ይሆንባችኋል። ሳም የሚመዘው ገመድም ከየት እንደመጣ የሚታወቀው እዚያ ነው። ሙሉው ቅጂ ባይቀመጥ ኖሮ ፋራሚር እስከ ዛሬ እንደተጠላ ይኖር ነበር።

ነገሩ ንግድ መሆኑን አልክድም። አጭሩ ቅጂ በነሐሴ 2002 በዲቪዲ ከወጣ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ነው ረጅሙ የተከተለው፤ አንዱን ፊልም ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ መሸጥ ማለት ነው። በ2011 በብሉሬይ መጣ፤ ያኔ የመጀመሪያው ፊልም አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል ብለው ሰብሳቢዎቹ ኡኡ አሉ። በ2020 ደግሞ በ4ኬ መጣ። ግን የመጨረሻው እንዴት ሊመጣ እንደቻለ አስቡ። ዋናው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ተቀምጦ ስለነበር ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ዋናው ተመልሰው አዲስ አድርገው አወጡት። ሳጥኑ እየተቀያየረ መሸጥ የቻለው መጋዘን ውስጥ የማይነካ ዋና ቅጂ ስላለ ነው።

አሁን ወደራሳችን እንምጣ።

የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. ሲሠራ የተቀረጸው በሴሉሎይድ ነው። ሴሉሎይድ ውድ ነው፤ በደንብ ከተያዘ ግን የሰው ዕድሜ ያህል ይቆያል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን»፣ የሠራዊት ፍቅሬ «ሰማያዊ ፈረስ» እና መሰሎቻቸው ሰልፍ ሲያሰልፉ ግን ዘመኑ የቪዲዮ ካሜራ ነበር። ቪዲዮ ረከሰ፣ ፊልም ሠሪው በዛ፣ የወጣቱ ቅዳሜና እሑድ ሲኒማ ቤት ሆነ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም አይንቀውም። ችግሩ ቴፕ እንደ ሴሉሎይድ አይታገሥም። በአግባቡ ካልተያዘ በሃያ ሠላሳ ዓመት ውስጥ ይበላሻል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ሲሞት ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ብዙዎቹ ፊልሞች ሲኒማ ቤት ከታዩ በኋላ ሕዝብ እጅ የገቡት በቪሲዲ ነው። የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነጥብ ነው። የ4ኬ ምስል 3840 በ2160 ነው። አካፍላችሁ እዩት፤ ከሰማንያ ጊዜ በላይ ይበልጣል። የፍሮዶ ዋና ቅጂ ቢጠፋና ዓለም ላይ የቀረው የእኛ የከሚሴው ፌስታል ብቻ ቢሆን ኖሮ የትኛውም ኮምፒውተር ያንን ተራራና ያንን ፊት መልሶ ሊያመጣው አይችልም ነበር። የእኛ ፊልሞች ፊት የተደቀነው አደጋ ይሄ ነው። ዋናው ከጠፋ የሚቀረው የመሳቢያው ዲስክ ነው፤ እሱም ተጭሯል።

«ዩቲዩብ ላይ አለ አይደል?» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። አዎ፣ ብዙው አለ። ለጫኑትም ምስጋና ይገባቸዋል። ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁ ብዙ ጊዜ ዩቲዩብ ላይ የተጫነው ያው የቪሲዲው ምስል ነው። ጥጉ ላይ የቻናሉ አርማ ተለጥፎበታል፤ ጎንና ጎኑ ተቆርጧል፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣው የሠራተኞች ስም ዝርዝር ተጎምዷል። መብራት የያዘው ልጅ፣ ልብስ ያዘጋጀችው ሴት፣ ድምፅ የቀዳው፣ ስማቸው የተጻፈው እዚያ ብቻ ነበር። ቻናሉ የተዘጋ ቀን ደግሞ እሱም የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ የሰውን ሥራ ማን መቅዳት እንደሌለበት ይነግረናል። ባለቤቱ ዋናውን ቅጂ አልጋ ሥር ረስቶ እንዳያበላሽ ግን አዋጅ አያስጥለውም።

አገራችን ውስጥ ሰብሳቢ የሚገዛው ዓይነት ፊልም ስለሌለ ነው እንዳትሉኝ። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያ ውስጥ ባማርኛ የሠራው «ክራምስ» የሚባል ፊልም አለ፤ ፍርፋሪ ማለት ነው። ዓለም ካለቀ በኋላ የሚሆን ታሪክ ነው፤ ሰማይ ላይ ለዘመናት ተንጠልጥላ የኖረች መርከብ መነቃቃት ስትጀምር አንድ ሰው መንገድ ይጀምራል። ሰውየውን የሚሠራው የራሳችን ዳንኤል ታደሰ ነው። እንደ ፍሮዶ መንገደኛ ነው፤ ርዝመቱ ግን 68 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ አንድ ቪሲዲ ይበቃዋል። አሮው ቪዲዮ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2021 የዚሁን ዳይሬክተር የ2019 ፊልም በብሉሬይ ለሰብሳቢዎች ሲያወጣ «ክራምስ»ንም ከአጫጭር ፊልሞቹ ጋር አብሮ ከተተው። ባማርኛ የተሠራው ሥራ ከነማብራሪያው ሳጥን ውስጥ የገባው ባሕር ማዶ ነው።

የኃይሌ ገሪማን መንገድ ደግሞ እዩ። «ሳንኮፋ»ን በ1993 ሠርቶ የሚያከፋፍልለት ሲያጣ እሱና ባለቤቱ ሽሪኪያና አይና ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ አሳዩት። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ። ሥራቸውን ከእጃቸው አላወጡም። ስለዚህ በ2021 ፊልሙ በ4ኬ ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ የሚታደስ ነገር ነበረው። ከጀርባው ኩባንያ ሳይኖር ባልና ሚስት የሠሩት ነው፤ ስለዚህ «እኛ አቅም የለንም» የሚለው መልስ ለኔ ግማሽ እውነት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሐውልት ያለው ሳጥን አልጠይቅም። ሦስት ነገር ይበቃኛል።

አንደኛ፣ ዋናውን ቅጂ ፈልጉት። ፊልም ሠሪዎች ሆይ፣ ቴፑን ዛሬውኑ አውጡና ወደ ፋይል አስገልብጡት። ሦስት ቦታ አስቀምጡት፤ አንዱ ከከተማ ውጭ ይሁን። ይሄን የምለው በምክንያት ነው። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ከሚሴ ድረስ ሲመጣ ሰው ነፍሱን ይዞ ነው የወጣው፤ ነፍሱን ይዞ የሚወጣ ሰው ሃርድ ዲስክ አይነቅልም። በዚህ ዞን ሠርግ የቀረጹ ፎቶ ቤቶች፣ የኦሮምኛ ዘፈን ክሊፕ የሠሩ ልጆች፣ መንዙማ በቪሲዲ ያሳተሙ ሰዎች አሉ። የነሱ ዋና ቅጂ አዲስ አበባ የለም፤ ሌላ አገርም የለም። እዚሁ ከጠፋ ጠፋ ነው።

ሁለተኛ፣ ማብራሪያውን ቅዱ። ይሄ ምንም ወጪ የለውም። ዳይሬክተሩና ሁለት ተዋናዮች ቡና አፍልተው ፊልሙን ያያሉ፤ አንድ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ወሬያቸውን ይቀዳል። ያ ትዕይንት የት ተቀረጸ፣ ለምን ተቆረጠ፣ ዝናቡ እውነተኛ ነበር ወይ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ማን አበደረ፤ ይሄ ሁሉ ዛሬ በሰዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው ያለው። የአንጋፋ ተዋንያን ቀብር ላይ «ታሪክ ይዞ ሄደ» እያልን ማልቀስ ለምዶብናል። ታሪኩን በሕይወት እያሉ እንቀበላቸዋ!

ሦስተኛ፣ ተመልካቹም ይክፈል። አንድ ፊልም ከነተቆረጡት ትዕይንቶቹ፣ ከነማብራሪያውና ከነሙሉ የስም ዝርዝሩ በፍላሽም ሆነ በኢንተርኔት በሕጋዊ መንገድ ቢቀርብ እኔ አንድ የሲኒማ ትኬት ዋጋ ከፍዬ እገዛለሁ። እናንተም ትገዛላችሁ ብዬ አምናለሁ። ለፌስታሉ ኪራይ ስንከፍል የኖርን ሰዎች ነን እኮ! ያ ገንዘብ ግን አንድ ቀን እንኳን ፊልም ሠሪው ኪስ ገብቶ አያውቅም።

ከነዚህ ፊልም ሠሪዎች አንዱን የምታውቁት ካላችሁ ይሄንን ጽሑፍ አንብቡለትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፤ «ጋሼ፣ ዋናው ቅጂ የት ነው ያለው?» መልሱ «ቤት ሳይኖር አይቀርም» ከሆነ በሚቀጥለው እሑድ አብራችሁት ሂዱና ፈልጉት።