በልብስ ላይ ስለሚጠለፍ ዓርማ

ዓርማ የሚከበረው በባለቤቱ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። «አዞ» እየተባለ ይጠራ የነበረው ፈረንሳዊ የቴኒስ ተጫዋች ረኔ ላኮስት የአዞ ሥዕል በልብሱ አስጠልፎ ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. ከአንድሬ ዢሊዬ ጋራ የሸሚዝ ኩባንያ ሲያቋቁም ይኸው ሥዕል የኩባንያው ምልክት ሆነ። አስቀድሞ ግን በ1925 እና በ1928 ዓ.ም. በዊምብልደን አሸንፎ ስሙን አስከብሮ ነበር።

በአገራችንም አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ለአንድ ቀን በዓል ብለው ዓርማ ያለበት ሸሚዝና ቆብ ያሳትማሉ፤ በዓሉ ሲያልፍ ልብሱ ይጣላል፥ የሕዝብም ገንዘብ ይባክናል። ይልቁንስ ባለጉዳይ የሚያገለግለውን ሠራተኛ ለይቶ ያውቅ ዘንድ፥ ዓርማው በዘወትር የሥራ ልብስ ላይ ቢጠለፍ ይበጃል። የለበሰውም ሁሉ ከጉቦና ከስንፍና ይጠበቅ፤ እርሱ ሲበድል የሚነቀፈው በደረቱ የተሸከመው ስም ነውና።